ለልጅቷ ማይክ አትስጧት

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። በእኛ ጊዜ ከሚኒ ሚዲያ ክፍል የማይጠፋ ልጅ ነበር፤ ዛሬ የሰፈራችንን የፊልም ፌስቲቫል ከሚያዘጋጁት ወጣቶች አንዱ ነው። «ቲቸር፣ ዘንድሮም ዳኛ ይሁኑልን። ገቢው እንደተለመደው ለበጎ አድራጎት ነው» አለኝ። «አስቤ እነግርሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

አስቤ ጨረስኩ። መልሴን እዚህ የምጽፈው እሱን ለማሳፈር አይደለም። ልጁን እወደዋለሁ፤ ልቡም ንጹሕ ነው። ግን ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ፣ በየኮሌጁ፣ በየወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ይኸው ነው የማየው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ወይ አዘጋጅ፣ ወይ ፊልም ሠሪ፣ ወይ ትኬት ሻጭ ሆናችሁ አልፋችሁበታል።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ፦ በችግረኛ ስም የሚዘጋጅ የፊልም ፌስቲቫል ችግረኛውን መድረክ ላይ አውጥቶ ማስለቀሱን ያቁም። ካላቆመ እኔ ዳኛም፣ የክብር እንግዳም፣ ተመልካችም አልሆንም።

አምና የሆነውን ልንገራችሁ። ሦስት ምሽት፣ ዘጠኝ አጫጭር ፊልሞች። ገቢው የታሰበው ኩላሊቱ ሥራ ላቆመ አንድ የሰፈራችን አባወራ ነው። ሰውዬው በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ያስፈልገዋል። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም ልንረዳው እንፈልጋለን። እስከዚህ ድረስ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ ነገር የለውም።

በመዝጊያው ምሽት የአንዲት ሌላ ተማሪዬ ፊልም ይታይ ነበር። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ስለ አያቷ። ካሜራውን ተውሳ፣ የታክሲውን ከኪሷ ከፍላ፣ ሰባት ወር የለፋችበት ሥራ። ገና እኩሌታው ላይ ሳንደርስ መብራቱ በራ። ለካ የተጋበዙት ባለሀብት ሌላ ፕሮግራም ስላለባቸው ጨረታው መቅደም ነበረበት። ፊልሙ ቆመ፤ ሥዕል ወጣ፤ «አንደኛ! ሁለተኛ!» ተባለ። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የአያቷ ፊት ስክሪኑ ላይ ተገትሮ ሲቀር ታያለች።

ከጨረታው በኋላ መድረክ መሪው የታማሚውን ባለቤትና የ14 ዓመት ልጁን ወደ መድረክ ጠራ። ማይኩን ለልጅቷ ሰጣት። «ለአባትሽ ምን ማለት ትፈልጊያለሽ?» ዝም አለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ አሳዛኝ ዜማ ጀመረ። «አይዞሽ፣ ንገሪን!» አላት። አሁንም ዝም። «አይዞሽ!» በሦስተኛው አለቀሰች። አዳራሹ አብሯት አለቀሰ። ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ተነሱ።

እኔስ? እኔ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። አለቀስኩ፣ አጨበጨብኩ፣ 2,000 ብር ቃል ገባሁ፣ በራሴም ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የተማሪዬ ፊልም ሳይቀጥል መቅረቱን እንኳ ያስታወስኩት ማታ አልጋዬ ላይ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ የልጅቷን እናት ወፍጮ ቤት አገኘኋት። መጀመሪያ አመሰገነችኝ። «መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ያን ቀን የደከማችሁትን አንረሳም» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ ግን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አስቸገረችኝ» አለችኝ። ያ የለቅሶ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጥቷል። የክፍሏ ልጆች በስሟ መጥራት ትተዋል። «አይዞሽ» ነው የሚሏት። ስታልፍ፣ «አይዞሽ፣ ንገሪን!»

ከዚህ ቋንቋ ውስጥ ከ«አይዞሽ» የበለጠ ደግ ቃል አላውቅም። እኛ ነን ስድብ ያደረግንባት።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም የበለጠ ልናውቅ ይገባን ነበር። በ1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ፊልሙ እርዳታ አስገኝቷል። ይኸው ፊልም ደግሞ ከንጉሡ ድግስ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የተራበው ሰው ያው ነው፤ ምስሉ ግን ሌላ ሥራ ተሰጠው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ። እርዳታው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን የሚክድ ሰው ውለታ ቢስ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር የሄደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ኢትዮጵያ? ረሃብ ያለበት አገር አይደል?» ስም የሌለው፣ አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን የአገራችን መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

ስንት ዓመት ነው ይህን ያማረርነው? «ዓለም ረሃባችንን እንጂ እኛን አያይም» ያላልን ማን አለ? ታዲያ ያንኑ ምስል በራሳችን አዳራሽ፣ በራሳችን ልጅ ላይ ስንደግመው ለምን አያሳፍረንም? የፈረንጅ ካሜራ ሲሆን ንቀት፣ የእኛ ስልክ ሲሆን ደግነት ነው እንዴ?

«ቲቸር፣ ሰው ካላለቀሰ አይሰጥም እኮ» የምትሉኝን ከወዲሁ እሰማችኋለሁ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ በቁም ነገር ልመልስ። የታመመ አባት ያላት ልጅ የእኔን ፍልስፍና አትበላም። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ እውነት ነው።

ግን እስቲ እድራችሁን አስቡ። እድር ለቅሶ ቤት ሲደርስ ለሐዘንተኛው ማይክ ይሰጠዋል? «እስቲ ስለ ሟች ንገረን፣ አይዞህ» ይለዋል? ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ይደረድራል፣ ገንዘቡን በፖስታ ይሰጣል፣ በቃ። ማንም ሳያለቅስለት በየወሩ የሚከፍለው ሰውስ ከየት መጣ? ከዚሁ ሰፈር ነው። ያው «ካላለቀሱ አይሰጥም» የምትሉት ሰው ነው! የሚከፍለው ስላመነ ነው። ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ በስብሰባው ቀን ሒሳቡ ለሁሉም ይነበባል። እንባ ያስፈለገን እምነት ስለጠፋ ነው። ሒሳብ የማይነበብበት ቦታ ላይ ሰውን ለማሳመን የቀረው መንገድ ልጅ ማስለቀስ ሆነ።

እስቲ ልጠይቅ፦ አምና የተሰበሰበው ስንት ነበር? ለአዳራሹ፣ ለባነሩ፣ ለቲሸርቱ፣ ለድምፅ መሣሪያው፣ ለእንግዶች ምሳ ስንት ወጣ? የቀረውስ ስንት? እኔ ዳኛ ሆኜ አላውቅም። ሰረቁ አላልኩም፤ አልልምም። ያልተነገረ ሒሳብ ግን ንጹሑን ሰው ሳይቀር ያሳማል። ደግሞ የኩላሊት እጥበት አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ጊዜ አለ፤ በሚቀጥለውም። ስለዚህ «ይህን ያህል ሺህ ብር ተሰበሰበ» አትበሉኝ። ስንት እጥበት ሆነ? ያንን ንገሩኝ። ሃያ? ሠላሳ? ይህ ቁጥር ከማንም እንባ የበለጠ ሰውን ያነቃንቃል። «ሠላሳኛው ያለቀው የካቲት ላይ ነው፤ ለመጋቢት ምን እናድርግ?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚችለው እሱ ሲታወቅ ነው።

ወደ ፊልሙ ልምጣ፤ ለነገሩ ስሙ የፊልም ፌስቲቫል ነው አይደል? ፊልም ከለቅሶ የሚለየው ጊዜ ስለሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ የደረሰባቸው የገጠር ሴቶች አዲስ አበባ ወደሚገኘው የፊስቱላ ሆስፒታል የሚያደርጉትን ጉዞ ነው የሚያሳየው። ያለቅሳሉ፣ አዎ። ግን ደግሞ ይስቃሉ፣ ይፈራሉ፣ ይናደዳሉ፣ በራሳቸው አፍ ያወራሉ። ፊልሙ ሲያልቅ የምታስታውሰው እንባቸውን ሳይሆን እነሱን ነው። የተማሪዬ የአያት ፊልምም በአቅሟ ያንን ልታደርግ ስትል ነው መብራት ያበራንባት። የሰውን ልብ የሚከፍተውን ነገር አቁመን፣ የሰውን ኪስ የሚከፍተውን አስገባን።

በሙሉ ልብ በተሠራ ፊልም ላይ እንኳ የባለታሪኩ ፈቃድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከራሳችን አገር ማየት ይቻላል። በጠለፋ ላይ የተሠራው «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ፣ ዓላማውም መልካም የሆነ ፊልም ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ታሪኩ የተነሳባት ሴት ፈቃዴን አልተጠየቅሁም የሚል ቅሬታ ነበራት። በክርክሩ ማን እንደረታ ለእኔ ነጥብ ዋናው አይደለም። ዋናው፣ መልካም ዓላማ ፈቃድን እንደማይተካ ነው። የ14 ዓመት ልጅ በሞላ አዳራሽ ፊት ማይክ ሲዘረጋላት «አልፈልግም» ማለት ትችላለች? አባቷ የሚታከምበት ገንዘብ ጨረታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ? ይህ ፈቃድ አይባልም።

ሌላም አለ። ፌስቲቫሉ ውስጥ የሚከፈለው ማነው? የአዳራሹ ኪራይ ይከፈላል። ባነር አታሚው ይከፈላል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ይከፈላል። ፊልም ሠሪዋ ግን «ለበጎ አድራጎት ነው» ትባላለች። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ የማሳየት መብት የባለሥራው ነው። መለገስ ከፈለገች ትለግስ፤ ያኔ ስሟ ከለጋሾች ዝርዝር ውስጥ ከባለሀብቱ ጎን ይጻፍ። በይሉኝታ የተወሰደ ነገር ግን ልገሳ አይባልም።

ማኅበረሰብ ፊልምን ሲያከብር ምን እንደሚሆንም አይተናል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሏቸውም። ሲኒማ ቤት እየተከራዩ በየከተማው ለጥቁሩ ማኅበረሰብ አሳዩት፤ ሕዝቡ ትኬቱን ገዝቶ ገባ። ሰው ፊልም ለማየት ብሎ ይከፍላል። እናንተ ራሳችሁ ፊልሞቻችሁን ስላላመናችኋቸው ነው ልጅቷን የጨመራችሁት።

እንግዲህ ለደወለልኝ ተማሪዬ መልሴ ይህ ነው። ዳኛ እሆናለሁ፤ አራት ነገር ካደረጋችሁ።

አንደኛ፣ ፊልም ከተጀመረ ሚኒስትርም ቢመጣ መብራት አይበራም። ጨረታው ከፊልሞቹ በኋላ ይሁን። እንግዳው ከቸኮለ ገንዘቡን በባንክ ይላክ።

ሁለተኛ፣ ታማሚም ሆነ ቤተሰቡ መድረክ ላይ አይወጣም። ስለ ጉዳዩ አዋቂ የሆነ ሰው፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሰምቶ የተስማማበትን ብቻ ይናገር። ሕፃን ልጅ ግን ቤተሰቡ ቢስማማም አይሆንም። በአዳራሹ ውስጥ በስልክ መቅረጽም ይከልከል።

ሦስተኛ፣ ለፊልም ሠሪዎቹ ትንሽም ብትሆን ክፍያ ይቆረጥላቸው።

አራተኛ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለሕክምና ተቋሙ ይከፈል፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥም ገቢውና ወጪው፣ ስንት እጥበት እንደተከፈለ ጭምር፣ በወጣት ማዕከሉ በር ላይ ይለጠፍ። የሰፈሩ እድር ጸሐፊ እንዲቆጣጠርላችሁ ለምኑት፤ ደስ ብሎት ነው የሚሠራው።

«ገቢው ይቀንሳል» ትሉኝ ይሆናል። ምናልባት በመጀመሪያው ዓመት ይቀንስ ይሆናል። ለዚያ ደግሞ አምና ያጨበጨብን ሰዎች ተጠያቂ ነን፤ ጉድለቱን እኛ እንሙላ። ቃል የገባሁትን 2,000 ብር ከፍያለሁ። ዘንድሮ ያንኑ ያህል በየሦስት ወሩ ለእጥበቱ እከፍላለሁ፤ ፌስቲቫል ቢኖርም ባይኖርም። አምና ፊተኛው ረድፍ ላይ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ደውሉልኝ።

ለተማሪዬም አንድ ነገር አለኝ፦ የአያትሽን ፊልም ከአስራ አንደኛው ደቂቃ በኋላ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላየሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ቤቴ ይዘሽ ነዪ፤ ቡና አፈላለሁ፣ እስከ መጨረሻው አያለሁ።

ለ14 ዓመቷ ልጅ ግን ምን እንደምላት አላውቅም። «አይዞሽ» እንዳልላት ቃሉን ወስደንባታል።