ለሩት የተጻፈ አንባቢ አይጣ

እኩዮቼ፣ ከፍላቂት እስከ ላሊበላ በየመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የምትጠብቁ ሁሉ፣ ስሙኝ። ወጣቶቹ አዲስ ማሽን በተከሉ ቁጥር «ኢሜይል አያስፈልገንም» እያሉ ደብዳቤ አድራሹን ፕሮግራም ሲያወጡት ዝም ብለን እያየን ነው። ዝምታችን ያስጠይቀናል።

መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ዲስክ መሞቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳይናገር አይሞትም። ዲስክ የሚከታተለው ስማርትዲ ምልክቱን አይቶ ለሩት፣ ማለትም ለማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ፣ ይጽፋል። ጥንድ ሆነው ከሚሠሩ ዲስኮች አንዱ ሲወድቅ የሚከታተላቸው ኤምዲአድም ይጽፋል። የሌሊቱ ባክአፕ ሲከሽፍ ሥራውን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን ስህተቱን ቃል በቃል ይልካል። አድራሽ ከሌለ ይህ ሁሉ ደብዳቤ ሜዳ ላይ ይቀራል። አድራሽ ኖሮም ሳጥኑን የሚከፍት ከጠፋ ያው ነው፤ የአገራችን ተራ ደብዳቤስ ቢሆን መች ቤት ድረስ ይመጣል? ባለ ሳጥኑ ቁልፉን ይዞ ፖስታ ቤት ይሄዳል እንጂ።

«ኔትወርክ በሌለበት ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ወሎ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥበት አይተናል። በጄኔሬተር የተነሳ ማሽን ያኔም ቢሆን ለራሱ ሩት መጻፍ ይችላል፤ ደብዳቤው ከማሽኑ አይወጣምና።

አይውጣም፤ ከውጭም ማንም አይግባበት። ፖስትፊክስ የተባለውን ደብዳቤ አድራሽ ዴቢያን ላይ ስትተክሉ «ሎካል ኦንሊ» የሚለውን ምረጡ፤ ኢኔት ኢንተርፌስስ የሚባለው ቅንብርም «ሉፕባክ ኦንሊ» ይሁን። ከዚያ «ዘግቼዋለሁ» የሚላችሁን በቃሉ አትመኑ፤ በኤስኤስ ትእዛዝ የኢሜይል መግቢያ የሆነውን ፖርት 25ን እዩ። ከ127.0.0.1 እና ከአይፒ ስድስት አቻው ውጭ የሚያዳምጥ ካለ በሩ ክፍት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የሞሪስ ትል የተባለው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ከገባባቸው በሮች አንዱ ሴንድሜይል በተባለው ደብዳቤ አድራሽ ውስጥ ሳይዘጋ የቀረ የፍተሻ ትእዛዝ ነበር። በር መዝጋት ደግሞ ፕሮግራሙን ከማደስ አያድንም፦ በ2019 እ.ኤ.አ. ኤግዚም በተባለው ሌላ ደብዳቤ አድራሽ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ተራ ተጠቃሚ ራሱን ሩት እንዲያደርግ ያስችል ነበር።

«የሩትን ደብዳቤ ወደ ጂሜይሌ ላስተላልፈው» የሚለውንም እፈራዋለሁ። በክሮን ደብዳቤ ውስጥ የይለፍ ቃልም የባለጉዳይ ስምም ሊኖር ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዝውውር ነው። አልያስስ ፋይሉ ላይ የሩት ደብዳቤ ለእገሌ ይድረስ ተብሎ ይጻፋል፤ እገሌ ወልድያ ይዛወራል፤ ደብዳቤው በሌለ ሰው ሳጥን ይጠራቀማል። ርክክብ ስትፈርሙ ከወንበሩና ከፕሪንተሩ ቀጥሎ ይህችን መስመር ጠይቁ። የተተኪውን ስም አስገቡ፣ ኒውአልያስስ የሚለውን ትእዛዝ አስኪዱ፣ ለሩት አንድ የሙከራ ደብዳቤ ልካችሁ ተተኪው ፊታችሁ ሲከፍተው እዩ፤ ከዚያ ፈርሙ።