ለግቢያችን አበባ ስንመርጥ አጥር ማዶውንም እንይ

ክረምት በገባ ቁጥር በከተሞቻችን የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ገበያቸው ይደራል። በኮሪደር ልማቱ ያማሩ መንገዶችን እያየ የሚመላለስ ነዋሪም የራሱን ደጅ ማሳመር ይሻል። ይህ ሊበረታታ ይገባል። ቅር የሚያሰኘው አመራረጡ ነው። በቅርቡ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ችግኝ መሸጫ ጎራ ብዬ፣ ቢጫና ሮዝ ቀለም በአንድ እቅፍ የያዘ ቁጥቋጦ እያሳየሁ ስሙን ጠየቅሁ። «አበባ ነው፤ ውኃ ባታጠጣውም አይደርቅም» አለኝ ሻጩ። እውነቱን ነው፣ አይደርቅም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ተክሉ የወፍ ቆሎ ነበር።

የወፍ ቆሎ መነሻው ሞቃታማው የአሜሪካ ምድር ነው። በብዙ የዓለም ክፍል የተሰራጨው ለጌጥና ለአጥር ተወድዶ፣ በሰው እጅ እየተተከለ ነው። ቀሪውን ስሙ ይናገራል፤ ፍሬውን ወፎች ይለቅሙታል፣ ዘሩንም በየግጦሹና በየወንዝ ዳሩ ይጥሉታል። እዚያ ሲደርስ ሣሩን አፍኖ ሰው የማያሳልፍ ጥሻ ይሆናል። ቅጠሉን የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፤ ቆዳውም ፀሐይ መቋቋም አቅቶት ይቆስላል። በሀገራችን ምሥራቃዊ አካባቢዎች የግጦሽ መሬት የወረረ አረም መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል።

ለጣና ዳር ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በሐምራዊ አበባው ማርኮ፣ የኩሬ ጌጥ ይሆናል ተብሎ ነው። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁ ዳር አርሶ አደር ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ይህን ሁሉ ያየን ሰዎች የማናውቀውን ችግኝ ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ ገዝተን መግባታችን ያስገርማል።

ታዲያ ምን እንትከል? ደጋው የራሱ የሆኑ አበቦች ሞልተውታል። ጠምበለል በአጥርና በበረንዳ ላይ የሚንጠላጠል፣ ነጭ አበባው ግቢውን በሽታ የሚሞላ ሐረግ ነው። ቀጋ ከገበያ ጽጌረዳ ጋር አንድ ወገን ነው፤ አበባው ያምራል፣ እሾሁ አጥር ይሆናል፣ ቀይ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ቢጫው አሜጃና እንደ ችቦ የቆመው አሸንዳም ለጌጥ የሚያንሱ አይደሉም። ከተራራ ላይ ስናያቸው እናደንቃቸዋለን እንጂ ችግኛቸውን አፍልቶ የሚሸጥ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

አደይ አበባን ደግሞ ለእንቁጣጣሽ በእቅፍ ገዝተን፣ ሲጠወልግ ጥለነው ዓመት እንረሳዋለን። አበባው ደርቆ ዘሩ ሲበስል ሰብስቦ አስቀምጦ፣ ዝናብ ሲይዝ በግቢ ጥግ መበተን ምንም ወጪ የለውም። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ትልቁ ድርሻ ከዚህ ወራት አበባ ንብ የምትቀስመው መሆኑን ቀፎ ያለው ሁሉ ያውቃል። ቦታ የጠበበበትም በጣሳ በሶብላና ዳማ ከሴ ሊያሳድግ ይችላል፤ ንብ በሶብላ አበባ ላይ ስትውል ማየት ነው።

ከውጭ የመጣ ሁሉ ይነቀል አልልም። ቡገንቪላ እንደ ወፍ ቆሎ በወፍ አይበተንም፤ ከተላመደ በኋላም ብዙ ውኃ አይፈልግም። ነገር ግን ባሕር ዳር ያማረ ሁሉ ደብረ ብርሃን አያምርም፤ ቡገንቪላን ውርጭ ይጎዳዋል። አሜጃና አሸንዳ ደግሞ በተራቸው ቆላ አይስማማቸውም። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤትም ነጭ ጡሩንባ መሳይ አበባው ቁልቁል የሚንጠለጠለውን፣ የአስተናግር ዘመድ የሆነውን ተክል ቢተወው ይሻላል፤ ሁለመናው መርዝ ነው።

ገዥው ይህን ሁሉ በራሱ ይወቅ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የጤፍና የስንዴ ዘር ሲያሠራጩ ዝርያውንና የሚስማማውን አየር ንብረት ይናገራሉ። የአበባ ችግኝ ላይ ዝም የሚባልበት ምክንያት የለም። በመንግሥትም በግልም ችግኝ ጣቢያ የሚሸጥ እያንዳንዱ ችግኝ ስሙ፣ መነሻውና የሚስማማው ከፍታ የተጻፈበት ወረቀት ሊንጠለጠልበት ይገባል። የወፍ ቆሎ ደግሞ ከነጭራሹ ከሽያጭ መውጣት አለበት።

እስከዚያው ግቢው ውስጥ የወፍ ቆሎ ያለው አንባቢ፣ ፍሬ ሳይዝ አሁኑኑ፣ አፈሩ ርጥብ ሳለ ከነሥሩ ይንቀለው። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የተነቀለውንም ከብት በማይደርስበት ቦታ ፀሐይ ላይ አድርቆ ያቃጥለው እንጂ ወንዝ ዳርና ቦይ ውስጥ አይጣለው።