የሰው ወርቅ አያደምቅ



ባልና ሚስት የዕረፍት ጊዜያቸውን አብረው ቢያሳልፉ ምን ያህል እንደሚጠቅማቸው በዚህ ዓምድ ደጋግመን ተነጋግረናል። በእንግሊዝ አገር የምትኖር አንዲት እህት ይህንኑ አንብባ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ላከችልኝ። ባለቤቷ ሜታል ዲቴክተር ሊገዛ አስቧል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገጠር ወጥተው በእርሻ ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ሳንቲም እንዲፈልጉ ይፈልጋል። እርሷ ግን፣ «ገንዘብ ማባከን አይሆንብንም ወይ? ደግሞስ አንድ ነገር ብናገኝ የማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ሁለተኛው ግን ከፊተኛው ይበልጣል። በዚህ መዝናኛ ብዙ ሰዎች መልካም ጊዜ አሳልፈውበታል፤ አንዳንዶች ደግሞ ስማቸውንና ነፃነታቸውን አጥተውበታል። ልዩነቱን ያመጣው የመሣሪያው ጥራት አልነበረም። ስለዚህ ለዚህች እህትና በውጭ አገር ለምትኖሩ ለሌሎቻችሁም ስለ አጀማመሩ ጥቂት ልበል።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሆነ እንወቅ። በሆቴል ወይም በመሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃዎች በሰውነታችን ዙሪያ የሚያዞሩትን መፈተሻ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሜታል ዲቴክተር የእርሱ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። በረጅሙ ዘንግ ጫፍ ላይ ሳህን የመሰለ ክብ ነገር አለ። በውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ በዙሪያው የመግነጢስ ኃይል ይፈጠራል። ይህ ኃይል ከመሬት በታች ያለ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ መሣሪያውም ያንን ተቀብሎ ይጮኻል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ ጥይቱ ያለበትን ቦታ ለማግኘት የሞከረው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነበር።

ታዲያ ብዙ ሰው መሣሪያው መሬቱን እንደ መስኮት የሚያሳየው ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። አንድን ሳንቲም የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ብቻ ነው። ሚስማርን ከብር ለመለየት ይረዳል፤ ነገር ግን የወርቅ ቀለበትና የተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት ድምፃቸው ይመሳሰላል። ወረቀቱን ላለመስማት መሣሪያውን ያስተካከለ ሰው ቀለበቱንም ሳይሰማ ያልፈዋል። ስለዚህ ጀማሪ የሆነ ሰው በአብዛኛው የሚያወጣው ሚስማር፣ ቆርኪና የጣሳ ክዳን ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ቅሬታ ያድናል። ሀብታም እሆናለሁ ብሎ የሚጀምር በሁለተኛው ወር መሣሪያውን ከአልጋ ሥር ይወረውረዋል። በንጹሕ አየር መሄድን፣ ታሪክንና የትዳር ጓደኛውን ወዶ የሚወጣ ግን ባዶ እጁን ቢመለስም አይቆጨውም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው በውዱ መሣሪያ አትጀምሩ። በእንግሊዝ አገር ለጀማሪ የሚሆነው በ200 ወይም በ300 ፓውንድ ይገኛል፤ ያገለገለ ቢሆን ደግሞ ከዚያ በታች። ከእርሱ ጋር ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ፣ ጠንካራ የእጅ መኮትኮቻ፣ ጓንትና ሁለት ከረጢት ያስፈልጋችኋል። አንዱ ከረጢት ለተገኘው ነገር፣ ሌላው ለቆሻሻው ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ነገር በትክክል የሚጠቁም በእጅ የሚያዝ ትንሽ መፈለጊያም አለ፤ እርሱ ግን በኋላ ሊገዛ ይችላል።

ልምምዱን በራሳችሁ ጓሮ ጀምሩ። አንድ ሳንቲም፣ አንድ ሚስማር፣ አንድ ቆርኪና ትንሽ የአሉሚኒየም ወረቀት ወስዳችሁ በ5፣ በ10ና በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ። ቦታቸውን በእንጨት ምልክት አድርጉ። ከዚያም ሳህኑን ወደ መሬት አስጠግታችሁ፣ ሳታዘነብሉት፣ ቀስ ብላችሁ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ትንሽ ይደርብ። ልጆች ካሏችሁ ይህን ሥራ ለእነርሱ ስጧቸው፤ የእያንዳንዱን ድምፅ ከእናንተ ቀድመው ይለያሉ።

በሣር ላይ ስትቆፍሩ ሣሩን በሦስት ወገን ቆርጣችሁ በአራተኛው ወገን እንደ ክዳን ገልብጡት። አፈሩን በላስቲክ ላይ አኑሩ። ዕቃው ከወጣ በኋላ ጉድጓዱን እንደገና ፈትሹት፤ ከዚያ አፈሩን መልሱ፣ ሣሩን ክደኑና በእግራችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት። ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው በዚያ መቆፈራችሁን እንዳያውቅ ይሁን። አሮጌ የመሰለ ሳንቲም ስታገኙ በአመድ ወይም በሳሙና አትፈትጉት፤ በላዩ ያለው ጽሕፈት ሊጠፋ ይችላል። የተገኘበትን ቦታና ቀን በደብተር ጻፉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። የማን ነው?

በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ነገር የባለ መሬቱ ፈቃድ ነው። ያለ ባለቤት የሆነ መሬት የለም። እርሻውን የሚያርሰው ሰው ተከራይ ከሆነ ከባለ መሬቱም ከተከራዩም መጠየቅ ይገባል። በሕግ የተጠበቁ ጥንታዊ ስፍራዎች ላይ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ በመሣሪያው መጠቀም ራሱ ወንጀል ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ ቢሆን፣ የተገኘውም ነገር እንዴት እንደሚካፈል በዚያው ቢሰፍር መልካም ነው። አንዳንዶች፣ «ለአንዲት ሳንቲም ይህ ሁሉ ወረቀት?» ይላሉ። ወረቀቱ የሚጻፈው ሳንቲሟ ሳትገኝ ነው። ከተገኘች በኋላ መነጋገር ይከብዳል።

ሁለተኛው ነገር ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእንግሊዝ የተቀበረ ሀብት ሕግ ዕድሜያቸው ከ300 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ቢያንስ ከመቶ አሥሩ እጅ ወርቅ ወይም ብር የሆኑ ዕቃዎች፣ እንዲሁም በአንድ ስፍራ የተገኙ ሁለትና ከዚያ በላይ የወርቅ ወይም የብር ጥንታዊ ሳንቲሞች በ14 ቀን ውስጥ እንዲነገሩ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጉ ተስፋፍቶ ከ200 ዓመት በላይ የሆናቸው ልዩ ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው የብረታ ብረት ዕቃዎችም ተጨምረዋል። ሙዚየም ዕቃውን ከፈለገ ዋጋው ይገመታል፤ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ ለአግኚውና ለባለ መሬቱ ይከፈላል። ከዚህ ውጭ ያሉትን ተራ ዕቃዎች የሚመዘግቡ ባለሙያዎች በየአውራጃው አሉ፤ እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃ መዝግበዋል። በስኮትላንድ ግን ደንቡ ሌላ ነው፤ በዚያ ማንኛውም ጥንታዊ ግኝት መነገር አለበት።

ሕጉ ደረቅ መስሎ ከታያችሁ ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1992 በሳፎክ አውራጃ፣ ሆክስን በምትባል መንደር አንድ ገበሬ መዶሻው በእርሻ ውስጥ ጠፋበት። ኤሪክ ሎውስ የተባለ ወዳጁን በሜታል ዲቴክተሩ እንዲፈልግለት ለመነው። ሰውየው መዶሻ ሲፈልግ የብር ማንኪያና የወርቅ ጌጥ፣ ሳንቲምም አገኘ። ጥቂት ካወጣ በኋላ መቆፈሩን አቆመ። ለባለ መሬቱና ለአካባቢው አስተዳደርም አስታወቀ። በማግስቱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች መጥተው ሲቆፍሩ ወደ 15,000 የሚጠጉ የሮማውያን ሳንቲሞችና 200 ያህል የወርቅና የብር ዕቃዎች ወጡ። ሁሉም ካለበት ስላልተነካ ሀብቱ በምን ዓይነት ሣጥን፣ እንዴት ተደርድሮ እንደተቀበረ ማወቅ ተቻለ። ለግኝቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ፤ ሎውስም ለገበሬው አካፈለው። መዶሻውም ተገኘ! ዛሬ እርሱም በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ሁለተኛው ታሪክ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ሰዎች በሄርፎርድሺር አውራጃ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የወርቅ ጌጥና 300 ያህል ሳንቲም እንዳገኙ ይታመናል። ለባለ መሬቱም ለመንግሥትም አልተናገሩም። ሳንቲሞቹን በስውር መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በስርቆትና ግኝቱን በመደበቅ ተፈርዶባቸው ለብዙ ዓመታት ወኅኒ ወረዱ። ቅጣቱ በኋላ በይግባኝ ቢቀነስም የጠፋው አልተመለሰም፤ ከሳንቲሞቹ የተገኙት 30 ያህል ብቻ ናቸው። የተገኙት ጥቂቶቹ እንኳ ሁለት የጥንት ነገሥታት ተባባሪዎች እንደነበሩ አስረድተዋል። የቀሩት ምን ይነግሩን እንደነበር ማን ያውቃል?

እነዚህ ሁለት ሰዎች ፈቃድ ጠይቀው፣ ዝምም ባይሉ ኖሮ በሕግ ብዙ ገንዘብ ሊደርሳቸው ይችል ነበር። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለተዋሰው ጌጥ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን የምናነብ ሰዎችም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ በእርሻ ውስጥ መዝገብ ያገኘውን ሰው እናውቀዋለን። ሰውየው መዝገቡን በሌሊት ተሸክሞ አልሄደም፤ ያለውን ሁሉ ሸጦ መሬቱን ገዛ። ምሳሌው የተነገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት ቢሆንም ይህን ነገር ልብ ማለት አይከፋም።

ስለዚህ እህቴ፣ ለባለቤትሽ «አይሆንም» ከማለትሽ በፊት አብራችሁ ተቀመጡና በአራት ነገሮች ተስማሙ። አንደኛ፣ ገንዘቡ ምን ያህል ነው? ከቤት አስቤዛና ከልጆች ወጪ ሳይነካ የሚተርፈው ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ጊዜው መቼ ነው? በወር ሁለት ቅዳሜ ቢበቃ ሁለት ቅዳሜ በሉ። ሦስተኛ፣ አብራችሁ ትወጣላችሁ ወይስ ለብቻው? አብራችሁ ከሆነ በየተራ ያዙት፤ አንዱ ያዳምጥ፣ ሌላው ይቆፍር። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ መሣሪያ ይዞ ሌላው ከረጢት ከተሸከመ መዝናኛው ለአንዱ ብቻ ነው። አራተኛ፣ አንድ ነገር ቢገኝ በዚያው ቀን ለማን ትናገራላችሁ? ይህን መልስ ወረቀት ላይ ጻፉት። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ የማይደብቁበት ቤት ለባለ መሬቱም ለመንግሥትም መናገር አይከብደውም።

በሌሎች አገሮች የምትኖሩ ደግሞ የእንግሊዝን ደንብ ወስዳችሁ አትሥሩበት። በአሜሪካ በብሔራዊ ፓርኮችና በሌሎች የፌዴራል መሬቶች ጥንታዊ ዕቃ መቆፈርን እ.ኤ.አ. የ1979ኙ ሕግ ይከለክላል፤ የከተማ መናፈሻዎች ደንብ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. የ1978ቱ የቅርስ ሕግ ያለ ፈቃድ በሜታል ዲቴክተር ጥንታዊ ዕቃ መፈለግን ይከለክላል። በስዊድንም አስቀድሞ ከአውራጃው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው።

ወደ አገር ቤት መሣሪያውን ይዛችሁ ለመምጣት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ተዉት። በኢትዮጵያ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር አይቻልም፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ወዲያው ማስታወቅ አለበት። ወርቅ ፍለጋም የማዕድን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ እንጂ መዝናኛ አይደለም። ከሁሉ በላይ ጦርነት ባለፈባቸው ስፍራዎች ያልፈነዳ ፈንጂ አለ። መሣሪያው ሳንቲምና ፈንጂን ለይቶ አይናገርም። በአውሮፓም ቢሆን ጥይት ወይም ቦምብ የመሰለ ነገር ብታዩ ሳትነኩት ራቁና ፖሊስ ጥሩ።

ይህን ሁሉ ስል ላስፈራችሁ አይደለም። በጠዋት ጭጋግ በታረሰ መሬት ላይ ከትዳር ጓደኛ ጋር ቀስ እያሉ መሄድ፣ አንድ ሺህ ዓመት ማንም ያልነካውን ሳንቲም ከአፈር አንሥቶ በመዳፍ ላይ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። ሳንቲሙ የተራ ሰው ኪስ ወጪ፣ ምናልባትም የአንድ ቀን እንጀራ ነበር። የጣለው ሰው ሲፈልገው ውሎ ይሆናል። ያን ሳንቲም ለባለ መሬቱ አሳይቶ፣ አስመዝግቦ፣ ለልጆች ታሪኩን የሚነግር ባልና ሚስት በኪሳቸው ምንም ባይጨምሩም ቤታቸው ይበለጽጋል። በመጀመሪያ ግን የባለ መሬቱን በር አንኳኩ።