ያላነበባችሁትን አትጫኑ

ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን ዓረብኛ ይናገራሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ቋንቋውን የተማሩት በኩሽናና በልጆች አልጋ ዳር እንጂ በትምህርት ቤት አይደለምና የሚያስወቅሳቸው ነገር የለም። ጣጣው የሚመጣው ስልክ ላይ ነው። ማዳም የሰጠችው ወይም ዶራ ከሱቅ የተገዛው ስልክ በዓረብኛ እንደተከፈተ ይቀራል። ሊንክ ተከትለን ስንገባ ብቅ የሚለው ሣጥን ምን እንደሚጠይቅ ሳናውቅ ጣታችንን እናሳርፍበታለን። «ተስቢት» ማለት «ጫን» ነው፤ «ሰማሕ» ማለት «ፍቀድ» ነው። ሰላይ አፕ ወደ ስልክ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ቃላት በኩል ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጃንዋሪ 2018 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ የመብት ድርጅትና ሉክአውት የተባለው የስልክ ደህንነት ኩባንያ «ዳርክ ካራካል» ብለው የሰየሙትን የስለላ ዘመቻ ይፋ አደረጉ። የዘመቻውን ዱካ ተከትለው የደረሱት እዚሁ ቤይሩት፣ ብዙዎቻችን በኢቃማ ጉዳይ የምናውቀው የ«አምን ዓም» ሕንፃ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በበኩላቸው እንዲህ ያለ አቅም የለንም ብለው ነበር። በሪፖርቱ መሠረት ከ20 በላይ አገሮች የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፎቶ፣ መልእክትና የድምፅ ቅጂ ተሰርቋል።

ዒላማዎቹ ጋዜጠኞች፣ ጠበቆች፣ የመብት ተሟጋቾችና ወታደሮችን የመሳሰሉ ሰዎች ነበሩ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ዘዴው ነው። በፌስቡክና በዋትስአፕ ሊንክ ይላካል፤ ሊንኩ አፕ መደብር የሚመስል ገጽ ይከፍታል፤ እዚያም «ዋትስአፕ» እና «ሲግናል» ተብለው የተቀመጡ አፖች አሉ። አፑ ሲጫን እንደ ወትሮው መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል፤ ከጀርባ ግን ይሰርቃል። ስልኩን ሰብሮ አልገባም። ካሜራውን፣ ማይክሮፎኑንና ፎቶዎቹን የፈቀደለት የስልኩ ባለቤት ራሱ ነው።

በአገራችን ሰዎች ላይም ይኸው ደርሷል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና የመገናኛ ብዙኃን ሰዎች ቪዲዮ ለማየት ሊንክ ሲከፍቱ «ፍላሽ ፕሌየርን አድሱ» እየተባሉ የስለላ ሶፍትዌር እንደተላከላቸው አሳይቷል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። ፍላሽ ፕሌየር ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ተቋርጧል። ዛሬም ይህን አድሱ የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ውሸት ነውና ዝጉት።

«እኔ ማን ነኝና ማን ይሰልለኛል?» የምትል እህት ትኖራለች። የመንግሥት ሰላይ የሚጠቀምበትን ዘዴ ሌባም፣ ቀናተኛ ወዳጅም፣ ሠራተኛዋን መቆጣጠር የሚፈልግ አሠሪም ይጠቀምበታል። በ2020 አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ሐዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ፣ ብዙዎቹ እህቶች ደመወዛቸውንም ፓስፖርታቸውንም አልያዙም ነበር። እንዲህ ባለ ቀን በእጅ የሚቀረው ስልክ ነው። የፓስፖርቱ ፎቶ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ማስረጃ፣ የእናት ድምፅ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ የስልካችሁን ቋንቋ ቀይሩ። የአንድሮይድ ስልኮች በአማርኛ ይሠራሉ፤ ክሮምም እንዲሁ። ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ቋንቋ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትፈቅዱ አንብባችሁ ትፈቅዳላችሁ።

ሁለተኛ፣ በሊንክ የመጣ አፕ አትጫኑ፤ የላከው የእህት ልጅ ቢሆንም። አፑን ከፈለጋችሁት ራሳችሁ ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ስሙን ፈልጉ። እዚያ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ከማይታወቅ ገጽ ግን እጅግ ይሻላል። ክሮምንም ዋትስአፕንም ከዚያው አድሱ። «ስልክሽ ቫይረስ አለበት» ብሎ የሚጮህ ገጽ ነጋዴ ወይም አጭበርባሪ ነው። ማሳወቂያ ልላክልሽ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ የማታውቁት ገጽም ሲመጣ ከልክሉት።

ሦስተኛ፣ ስልኩን የከፈተላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ እዩ። ክሮም በማዳም ጉግል አካውንት ከተከፈተ የምትጎበኟቸው ገጾች ዝርዝር ለእሷም ሊታይ ይችላል። ዋትስአፕ ላይ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁት ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። ሆኖም የሚከታተላችሁ አብራችሁ የምትኖሩት ሰው ከሆነና ቁጣውን የምትፈሩ ከሆነ አትቸኩሉ፤ እንዳጠፋችሁት ያውቃልና። መጀመሪያ በምታምኑት ሰው ስልክ ምክር ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ግን የእያንዳንዷ እህት ሸክም ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ከአገር ከመውጣት በፊት የሚሰጠው ሥልጠና የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠቃቀምን እንደሚያስተምር ሁሉ የስልክ አጠቃቀምንም ሊያስተምር ይገባል። ቆንስላውም፣ እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡ ማኅበራትና የጸሎት ቤቶችም ለዚህ አንድ ሰዓት ቢሰጡ ገንዘብ አያስወጣቸውም። እስከዚያው ግን ማንበብ የምትችሉ እህቶች ከጎናችሁ ላለችው አንብቡላት። የማታውቁት ሣጥን ብቅ ሲል የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ፎቶ አንሥታችሁ ለምታነብ እህት እስክትልኩ ድረስ ጣታችሁ ይታገሥ።