ጥፋተኛ ካልተገኘ ካሣ የለም ስለሚለው አሳብ

በአገራችን አንድ ሰው ለመዳን ብሎ በእግሩ ወደ ሐኪም ቤት ገብቶ በቃሬዛ የወጣ እንደ ሆነ፣ ወይም በሕይወት ቢወጣም እጁ ሰልሎ፣ አንደበቱ ተይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ከዘመድና ከጎረቤት መካከል ከሁለት ዓይነት ንግግር የተለየ አይሰማም፤ አንደኛው የመጣው ሁሉ ከእግዚአብሔር ነውና ነገሩን ለእርሱ ትታችሁ እርማችሁን አውጡ የሚል የትዕግሥት ምክር ሲሆን፣ ሁለተኛው ሐኪሙ ይታሰር፣ የሥራ ፈቃዱም ይቀማ የሚል የቁጣ ጩኸት ነው። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ቢመስሉም፣ የተጎዳውን ሰው ባዶ እጁን ትተው በመሄድ ግን ይስማማሉ፤ የወደቀውን ማን ያስታምመዋል፣ ልጆቹን ማን ያሳድጋል፣ ዳግመኛ ለሚደረግለት ቀዶ ሕክምና ወጪው ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ከሁለቱም ዘንድ አይገኝም።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የምቃወመው ከሁለቱም ንግግር በታች ያለውን አንድ አሳብ ነው፤ እርሱም ካሣ የበደለኛ ቅጣት ስለ ሆነ፣ በደለኛው ተለይቶ በደሉም ያለ ጥርጥር ካልተገለጠ በቀር ለተጎጂው የሚገባው ነገር የለም የሚለው ነው። ይህ አሳብ በሕዝቡ ልቡና ብቻ ተወስኖ የቀረ ቢሆን ምክርና ስብከት ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን በሕጋችንም በዳኝነታችንም ውስጥ ሥር ሰዷል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በብዙ ገጹ ርትዕ የሞላበት ሕግ ነው፤ በቍጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን አዝዟል፤ ሐኪም ቤትንም ቀጥሮ በሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት በሕመምተኛው ፊት ተጠያቂ አድርጎታል። ዳሩ ግን ስለ ሙያ ጥፋት በሚናገረው በቍጥር 2031፣ ባለሙያው የሚጠየቀው በሳይንስ የታወቀውን ነገር ወይም የሙያውን ደንብ ተላልፎ፣ ግዴታውን በግልጽ አለማወቁን በሚያሳይ ቸልተኝነት ወይም አለመጠንቀቅ ሲያጠፋ ነው። እንግዲህ ይህን የማስረዳት ሸክም የተጫነው በማን ላይ እንደ ሆነ እንመልከት፤ ማደንዘዣ ወስዶ በተኛበት ሰዓት የተደረገበትን በማያውቀው ሰው ላይ ነው።

አንዲት እናት በቀዶ ሕክምና ወልዳ ሆዷ ውስጥ ጨርቅ ተረስቶባት ተሰፋች እንበል። ሕመሙ ሲጀምራት የምጥ ትራፊ ነው ይሏታል፤ ሲበረታባት ጠበልም ትጠመቃለች፣ ማስታገሻም ትውጣለች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ በራጅ ታይታ እውነቱ ሲገለጥላት፣ ክስ ለማቅረብ ብትነሣ በመጀመሪያ የሚገጥማት ይርጋ ነው፤ ቍጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የፈቀደው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነውና። አስተዋይ ጠበቃ ያገኘች እንደ ሆነ ነገሩን በውል ሕግ በኩል አዙሮ፣ ወይም የወንጀል ይርጋ ይረዝማል ብሎ ሊከራከርላት ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት ያረፈች እናት እንዲህ ያለውን ጠበቃ ከወዴት ታገኘዋለች? ይርጋውን ብታልፍ እንኳ የታከመችበት ካርድ የሚገኘው በምትከሰው በዚያው ሐኪም ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ካርዱ ጠፍቷል ቢሏት፣ ወይም ገጹ ጎድሎ ቢመጣ፣ የሚጎዳው የእርሷ ክርክር ነው። ካርዱ በተሟላ ጊዜ ደግሞ ዳኛው የሕክምና ሊቅ ስላልሆነ የባለሙያ አስተያየት ይጠይቃል፤ አስተያየቱን የሚሰጡትም የተከሳሹ የሙያ ወንድሞች፣ አንዳንዴም በአንድ ትምህርት ቤት አብረው ያደጉ፣ ነገ በአንድ ክፍል ተራ ይዘው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። እውነተኞች አይደሉም ለማለት አልደፍርም፤ ብዙዎቹ እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ወንድም በወንድሙ ላይ ሲመሰክር የሚያመነታበት ቦታ እንዳለ የማያውቅ ሰው የለም። በዚህ ሁሉ ላይ የዳኝነት ክፍያ አለ፤ በደሃ ደንብ መክሰስን ሕጉ ቢፈቅድም፣ ድህነትን ለማስመስከር የሚደረገው መመላለስ ራሱን የቻለ ድካም ነው።

ይህን ሁሉ መከራ አልፋ ብትረታ ስለ ኅሊናዋ ጉዳት፣ ማለትም ስላሳለፈችው ጣርና ስለ ተሰበረው ልቧ ዳኛው የሚፈርድላት፣ ቍጥር 2116 በሦስተኛው ንኡስ ቍጥር እንደ ወሰነው፣ ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም። ሕጉ በወጣበት ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሣንቲም ገደማ ይመነዘር ስለ ነበረ፣ ያ ገንዘብ ወደ 400 ዶላር የሚጠጋ፣ ለደኅና ሠራተኛም የብዙ ወር ደመወዝ የሚሆን ነበር፤ ዛሬ ግን ያው 1,000 ብር 10 ዶላር አይሞላም። ንጉሠ ነገሥቱ አልፈው፣ ደርግ አልፎ፣ ሕገ መንግሥት ተለውጦ፣ የወንጀል ሕጉ እንደ ገና ተጽፎ፣ ይህች አንዲት መስመር ግን የሙት ልጅን እንባ እስከ አሁን በ1952 ዓ.ም. ዋጋ ትመዝናለች። ዳኛው ቢራራ እንኳ እጁ በሕጉ ታስሯል። ልጅዋን በሐኪም ቤት ቸልተኝነት ያጣች እናት ከፍርድ አደባባይ ይህን ተቀብላ ስትወጣ የሚሰማት ነገር መካስ ሳይሆን ሁለተኛ መናቅ ነውና፣ ይህን መስመር ሳያሻሽሉ የቆዩት ሕግ አውጪዎች ሁሉ በእኔ አስተያየት ከባድ በደል ሠርተዋል።

ወደ ቁጣው ጩኸት ልመለስና፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቍጥር 543 ሐኪምንና አሽከርካሪን በአንድ መስመር ጠርቶ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ እያለበት በቸልተኝነት የገደለውን ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይፈርድበታል። መቀጮው የሚገባው ወደ መንግሥት ካዝና ነው። ሙያዊ ሥነ ምግባርን የሚመረምሩት ጉባኤዎችም ባለሙያውን መገሠጽ ወይም ፈቃዱን ማገድ እንጂ ለተጎጂ ካሣ መቍረጥ ሥራቸው አይደለም። እኔ በድፍረት ወይም በስካር ነፍስ ያጠፋ ይፈታ አልልም፤ ነገር ግን የሐኪሙ መታሰር የሟችን ልጆች አያበላም፤ ይልቁንም እስራትን የሚፈራ ሁሉ የሆነውን ነገር ይሸሽጋልና፣ ቅጣቱ ሲበረታ እውነቱ ከካርዱ ላይ እየጠፋ ይሄዳል።

ሐኪሞቻችን በበኩላቸው የሚሉትን ስንሰማ እውነት አላቸው። አንድ ተረኛ ሐኪም ሌሊቱን ሙሉ ስፍር ቍጥር የሌለው ሕመምተኛ ሲያይ አድሮ፣ ኦክስጅን ባለቀበት፣ መብራት በጠፋበት፣ ደም ባልተገኘበት ሰዓት የሞተችው ወላድ በእርሱ ኃጢአት ሞተች ማለት ግፍ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ያሰሙትን አቤቱታ የሰማ ሰውም፣ እንዲህ ካለው ባለሙያ ኪስ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ካሣ እንደማይወጣ ያውቃል። ነገር ግን ይህ ሁሉ እውነት የሚመሰክረው ለእኔ ነገር ነው። ጥፋቱ የሐኪሙ ሳይሆን የጎደለው ኦክስጅንና የጠፋው መብራት ነው በተባለ ጊዜ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ጥፋት ለማስረዳት ካልተቻለ በቀር የሟች ቤተሰብ ምንም አያገኝም። እንግዲህ ብዙ እጅ የተሳተፈበት ጉዳት፣ እጆቹ ስለ በዙ ብቻ፣ ከፋይ የሌለው ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ያለ ጥፋት መካስ ለአገራችን ባዕድ ነገር እንዳይመስለን። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 በሬው አምልጦ ሰው የወጋበትን ባለቤት ምንም ባያጠፋም ካሣ ይክፈል ይለዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ አሠሪው ባያጠፋም እንዲከፍል፣ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ያልቻለውም የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ እንዲያገኝ ይደነግጋል። በወንጀል ሕጉ ከሐኪሙ ጋር አብሮ በተጠራው አሽከርካሪ የተጎዳውንም ብናይ፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሆኖ፣ ገጭቶ ስላመለጠና ስላልታወቀ መኪና እንኳ የሚከፍል የመድን ፈንድ ቆሟል። በሙሴ ሕግም፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21፣ ሰውን ያቈሰለ ሥራ የፈታበትን ኪሣራና የማስታመሚያውን ወጪ እንዲሸፍን ታዝዟል፤ ይህም የሕጉ ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ በተኛው ቍስለኛ ላይ እንደ ነበረ ያሳያል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ስዊድንም በ1975 በሕክምና የተጎዳን ሰው ሐኪሙን በደለኛ አድርጎ ማስረዳት ሳያስፈልገው የሚካስበትን ሥርዓት ጀምረዋል።

ሽምግልና ይበቃናል የሚሉም አሉ። እኔ ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በአንዳንድ የግል ሐኪም ቤት ደጃፍ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ለሐዘንተኛው ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቶ፣ ከእንግዲህ ላይናገር የሚፈርምበትን ወረቀት ዕርቅ ብዬ አልጠራውም፤ ጉዳቱ ስለሚደበቅ በዚያው ክፍል የሚተኛው ቀጣዩ ሕመምተኛ ከምን እንደሚጠነቀቅ አያውቅም፤ ሐዘንተኛውም በሕግ የሚገባውን ሳያውቅ የፈረመ ነው።

የምጠይቀው ይህ ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቍጥር 2116ን የ1,000 ብር ወሰን ይሻርልን፤ ይርጋው ሕመምተኛው ጉዳቱን ካወቀበት ቀን ይቈጠር፤ ማንም ታካሚ የካርዱን ግልባጭ በጠየቀ ጊዜ ወዲያው ይሰጠው፤ ከግል ሐኪም ቤቶች የፈቃድ ማደሻ፣ ከጤና መድን መዋጮና ከመንግሥት በጀት የተውጣጣ የካሣ ፈንድ ይቋቋም፤ ያለ ጥፋት ማስረጃ ይክፈል፣ በድፍረት ባጠፋው ላይ ግን የከፈለውን የማስመለስ መብት ይኑረው። መዋጮው ስንት ይሁን፣ ለየጉዳቱስ ምን ያህል ይከፈል የሚለውን የመድን ሥራ አዋቂዎችና የሕክምና ቦርድ ሐኪሞች አብረው ተቀምጠው ሊያሰሉት ይችላሉ፤ ለመኪና አደጋ ይህ ስሌት ከተሠራ ዓመታት አልፈዋል።