የ10 ጥንድ ሲደርስ

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ አበው። አባባሉ ለካርታ ጨዋታ የተነገረ ባይሆንም፣ ከሥራ መልስ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ በሳንቲም ፖከር ለሚጫወት ሰው ጥሩ ምክር ነው።

በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በኢንተርኔት በጥቂት ዶላር የተካሄደ ማጣሪያ አሸንፎ ላስ ቬጋስ በተደረገው የዓለም የፖከር ውድድር ገባና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚያ ወዲህ «እኔስ ምን ያንሰኛል?» ብሎ ወደ ጨዋታው የገባው ብዙ ነው። በዚያ ውድድር ከተሰለፉት 839 ሰዎች አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ግን አይነሣም።

ትልቁ ውድድር ይቆይና፣ በትንሽ ገንዘብ በሚካሄደው ጨዋታ ሰውን በቀላሉ ከሚያስበሉት አንዱ መካከለኛ ጥንድ ነው። የማይረባ ካርታ ማንም ይጥላል። የአስ ወይም የንጉሥ ጥንድ የያዘም ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። የ9፣ የ10 ወይም የጃክ ጥንድ ግን ለመጣል ያሳሳል፤ እስከ መጨረሻው ለመታመን ደግሞ አይበቃም።

ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በግሉ ይይዛል፤ ቀጥሎም ሦስት የጋራ ካርታዎች መሐል ላይ ይገለጣሉ። እዚህ ላይ ሒሳቡ ቁርጥ ያለ ነው። የጃክ ጥንድ ለያዘ ሰው፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ከጃክ የሚበልጥ የመሆኑ ዕድል 57 በመቶ ነው። ለ10 ጥንድ ወደ 70፣ ለ9 ጥንድ ደግሞ ወደ 79 በመቶ ይደርሳል። ጥንዱን ሦስት የሚያደርግለት ካርታ የመውጣቱ ዕድል ግን 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ለምሳሌ አንድ ተጫዋች መነሻው 5ና 10 ሳንቲም በሆነ ጠረጴዛ 10 ዶላር ይዞ ተቀምጧል። ሁለት 10 ደረሰው። ዝም ብሎ መከተል የለበትም፤ 40 ሳንቲም ያህል ማስያዝ ይገባዋል። በርካሽ ካስገባቸው አምስትና ስድስት ሰው ተከትሎት ይገባል፤ ያን ጊዜ አንዱ የተሻለ ካርታ የማግኘቱ ነገር ይሰፋል። ሁለት ሰዎች ተከተሉትና መሐል ላይ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገደማ ተሰበሰበ። የተገለጠው 8፣ 4፣ 2 ቢሆን ሳይፈራ ያስይዝ፤ በሳንቲም የሚጫወት ሰው አንድ 8 ብቻ ይዞም ይከተላልና። ንጉሥ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ግማሽ ያህሉን፣ ማለትም 60 ሳንቲም፣ አስይዞ ይሞክር። ከተከተሉት ይቀዝቅዝ። ተጋጣሚው ራሱ ገንዘቡን ከፍ አድርጎ ከመጣ ደግሞ ካርታውን ይጣል። በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ያለ ቅጡ የሚከተል ሞልቷል፤ ምንም ሳይኖረው በትልቅ ገንዘብ የሚያስፈራራ ግን ጥቂት ነው።

«አስፈራርቶኝ ቢሆንስ?» የምትለዋ ሐሳብ ናት ቤት የምታፈርሰው። በ1 ዶላር ያልቅ የነበረ ነገር 10 ዶላሩን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ እልህ ይመጣል፤ ሌላ 10 ዶላር ይገባል፤ ሲውል ሲያድር ለአገር ቤት ሊላክ የታሰበው ገንዘብ ይነካል። ያ ሰው የተበላው በ10 ጥንድ አይደለም፤ ካርታ መጣል ሽንፈት ስለመሰለው ነው።

በዚህ ላይ አጫዋቹ ድርጅት ከሚሰበሰበው ገንዘብ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ብዙ ጊዜም እስከ 5 በመቶ ይወስዳል። ስለዚህ ከተጋጣሚዎቹ እኩል የሚችል ተጫዋች እንኳ ውሎ አድሮ ከሳሪ ነው።

እንግዲህ የሚጫወት ሰው ከመቀመጡ በፊት ሁለት ነገር ይወስን፤ ዛሬ ማታ ቢበላ ቤቱን የማይጎዳው ገንዘብ ስንት እንደሆነና የ10 ጥንዱን መቼ እንደሚጥል። የመጀመሪያውን መወሰን ያቃተው ሰው ሁለተኛውን ቢያውቀውም አይጠቅመውም፤ ጭራሹን ባይቀመጥ ይሻለዋል።