«ሰነፍ» ከመባሉ በፊት ምስክር ይጠራ

ቲክቶክ ላይ «ኤዲኤችዲ እንዳለብህ የሚያሳዩ ምልክቶች» የሚሉ ቪዲዮዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ቁልፍ ይጠፋብሃል? ቀጠሮ ትረሳለህ? የቤት ሥራ ሌሊት ላይ ትጀምራለህ? እንግዲያው አለብህ! በዚህ ሚዛን ከሄድን መላው ቂርቆስ አለበት፤ እኔም አለብኝ። ቀልዱ ግን የምር የተቸገረውን ልጅ እየሸፈነብን ነው።

ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ብዙ ታዳጊዎች የሚያስቸግራቸው የዕውቀት ማነስ አይደለም። ማቀድ፣ መጀመር፣ ጊዜን መገመት፣ የተባለውን በሐሳብ ይዞ መቆየት ነው። ባለሙያዎች «ኤግዚኪዩቲቭ ፈንክሽን» ይሉታል፤ የአንጎል ሥራ አስኪያጅ በሉት። እናቱ ዘይት፣ ሳሙናና ክብሪት ብላ ልካው ክብሪት ብቻ ይዞ የሚመለሰው የ15 ዓመት ልጅ እየቀለደ ላይሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ስሙ «ሰነፍ» ነው፤ ቤት ደግሞ «ግድ የለሽ»።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ብዙ ሰው አንድ ማሽን ወይም አንድ ፈተና ያለ ይመስለዋል። ካርድ መደርደር፣ የቀለም ስም መጥራት የመሳሰሉ ፈተናዎች በእርግጥ አሉ። ግን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ አዋቂ ፊቱ ተቀምጦ «አሁን ይህን፣ ቀጥሎ ያንን» ሲለው አሳምሮ የሚሠራ ልጅ ሞልቷል። ሥራ አስኪያጁን ፈታኙ ተክቶለታላ! እ.ኤ.አ. በ2013 ቶፕላክ፣ ዌስትና ስታኖቪች የተባሉ ተመራማሪዎች 20 ጥናቶችን ገምግመው በፈተናዎቹና በዕለት ተዕለት ኑሮ መጠይቆች መካከል ያለው ዝምድና ደካማ እንደሆነ አሳይተዋል።

ስለዚህ ኑሮውን የሚያዩ ሰዎች ይጠየቃሉ። «ብሪፍ» የሚባለው የታወቀ መጠይቅ ለወላጅ አንድ፣ ለመምህር አንድ፣ ከ11 እስከ 18 ዓመት ላለው ልጅ ለራሱ አንድ ቅጽ አለው። መልሶቹ ሲለያዩ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። ችግሩ መጠይቁ የተለካው በአሜሪካ ልጆች ነው። ስለ ክፍሉ አያያዝ ይጠይቃል። በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ከአምስት ቤተሰብ ጋር የሚያድር ልጅ የቱ ነው ክፍሉ? ቃሉን ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ ካዛንቺስ ልምጣ። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መመሪያ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው ይላል፤ ያውም ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትና በትምህርት ቤት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰው በኮሪደር ልማት ሲነሳ ገና ትምህርት መጀመሩ ነበር። ገላን ጉራ የገባም አለ፣ ሌላ ቦታ የገባም አለ። የ14 ዓመቱ ልጅ አዲስ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ፣ ደብተር ቢረሳ፣ ከኤዲኤችዲ ነው ወይስ ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ከመጠበቅ? አዲሱ መምህር በምን ይወቀው? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቁት መምህርት የሉም። «ይሄ ልጅ ድሮም መልሱን ሳይቀበል ነው የሚሮጠው» የሚሉት ባለሱቅ ጋሼም የሉም። ቤቱ ሲፈርስ ምስክሮቹም ተበተኑ። ይህን ማንም ሲቆጥረው አላየሁም።

መስኮት እያየች ዝም የምትለዋ ልጅ ደግሞ ከእሱም ትብሳለች። ስለማትረብሽ የሚጠይቅላት የለም።

ወላጆች «አማኑኤል» ሲባሉ የሚደነግጡትን አውቃለሁ፤ ሰፈር ውስጥ ስሙ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ሐኪም ዘንድ መሄድ ግን ልጁን እብድ ማስባል አይደለም። ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጆሮና ዓይን፣ ስለ ጭንቀት ይጠይቃል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ስለሚበራው ስልክም ጭምር።

ትምህርት ቤቶች ቢያንስ አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፤ ልጅ ሲዛወር ከማርኩ ጋር የክፍል ኃላፊው ስለ ልጁ የሚያውቀውን በአንድ ገጽ ጽፎ ይላክ። እናንተ ደግሞ የድሮ ሪፖርት ካርዳችሁን ፈልጉ። ከጀርባው «ጎበዝ ነው፤ ግን ትኩረት ይጎድለዋል» የሚል የሦስተኛ ክፍል መምህር ጽሑፍ ካለ፣ ለሐኪሙ ከአስር ቪዲዮ ይበልጥበታል። ፎቶ አንሱትና ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት፤ ዕቃ ሲጫን መጀመሪያ የሚጠፋው ወረቀት ነው።